የሚዋዠቅ፣ የሚናጋ፣ የሚወላውል፦ ከካዛንቺስ የተነሣ የቃል ምርጫ ዳሰሳ

ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ዑራኤል ባለው ሰፈር በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ መጻፍ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ከተቋቋመ፣ ጣሊያናዊው አርኪቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አዳራሽም በ1961 ከተመረቀ ወዲህ፣ ካዛንቺስና ዙሪያዋ ሪፖርት፣ ቃለ ጉባኤ፣ የፕሮጀክት ሰነድና መግለጫ ሲጻፍባቸው ኖረዋል። ከድርጅቱ ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። ስለዚህ በግቢው ያለው ኢትዮጵያዊ ባለሙያም፣ ከአጥሩ ማዶ በረድኤት ድርጅት ተቀጥሮ የሚጽፈውም፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ማኅተም ይዞ የሚተረጉመውም ከውጭው ዓለም ጋር የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው።

እነዚህን ሰዎች ዘወትር ከሚያደናቅፏቸው ነገሮች አንዱ አለመርጋትን የሚገልጹት ቃላት ናቸው። «አንስቴብል»፣ «ቮላታይል»፣ «ቫሪያብል»፣ «ኢራቲክ»፣ «ፍሉዊድ»፣ «ኢንኮንሲስተንት»፣ «ፊክል»፣ «መርኩሪያል»፣ «ካፕሪሺየስ»፤ ግሱን ሲፈልጉ ደግሞ «ፍላክችዌት»። ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ እንዲህ ያሉትን ባንድ ርእስ ሥር ሰብስቦ፣ የመጽናትን ቃላት ከጎናቸው አሰልፏቸዋል። ዛሬ የዚያ ዓይነት መዝገብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል፤ ቃሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ከሚዘረገፈው አንዱን ማንሣት ነው። ዝርዝሩ ግን ቃላቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይናገራል እንጂ ማን የት እንደሚያድር አይናገርም። ጸሐፊው ትንሽ ባለሙያ የሚያስመስለውን ይመርጣል። በዚህ ሰፈር ያ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ቮላታይል» ነው።

በአማርኛ በኩል ችግሩ ሌላ መልክ አለው። «ያልተረጋጋ» የምንለው ቃል ያገኘውን ሁሉ ይሸከማል። ያልተረጋጋ ገበያ፣ ያልተረጋጋ ፖለቲካ፣ ያልተረጋጋ ትዳር፣ ያልተረጋጋ ልጅ እንላለን፤ ሰሚውም አይሳሳትም፤ ተከትሎት የሚመጣው ስም ነገሩን ያቃናዋልና። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለስሙ አይተውለትም። አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለትን ልጅ «ሬስትለስ» ይለዋል። «አንስቴብል» ካልነው ግን የአእምሮ ሕመም አለበት ብለን መጻፋችን ነው፤ በትምህርት ቤት ማኅደር ውስጥ ከገባ ደግሞ ልጁን ዓመታት የሚከተለው ወረቀት ይሆናል።

ይህ የሆነው አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። ዋጋ ይዋዠቃል። ባሕር ይናወጣል። መሠረት ይናጋል። ጥርስ ይነቃነቃል። ሰው ይወላውላል። ጠባይ ይቀያየራል። ቤንዚን ይተናል። እያንዳንዱ ግስ የራሱን ባለቤት ያውቃል፤ «ጥርሴ ዋዠቀ» የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም። የእንግሊዝኛው ቃል የሚበላሽብን እንግሊዝኛ ስላነሰን ብቻ አይመስለኝም። በአማርኛ ትክክለኛውን ግስ ሳንመርጥ፣ «ያልተረጋጋ» ብለን ዘግተን ወደ ኪቦርዱ ስለምንሮጥ ነው። ግሱ ከተመረጠ ሦስት ነገር አብሮት ይታወቃል፦ የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነና፣ የሚወቀስ ሰው ይኖር እንደሆነ።

ከሦስቱ ሁለተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ ብርቱካን ቢነኩት ወዲያ ወዲህ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ሳህኑን ደፍተው አናቱ ላይ ያስቀመጡት ብርቱካን ግን ፀጥ ብሎ ቢታይም አንዴ ከተነካ አይመለስም። የመጀመሪያው ይዋዠቃል፤ «አንስቴብል» ግን አይደለም። ሁለተኛው ገና ሳይነቃነቅ «አንስቴብል» ነው። የፊዚክስ መምህራን ይህንኑ በክፍል ያስተምራሉ፤ ወደ ኢኮኖሚ ሪፖርት ስንሻገር ግን የምናስታውሰው ጥቂቶች ነን።

የብርን ታሪክ እንይ። አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር ሆኖ ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ ደርግን ሙሉ፣ እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1992 ድረስ ለሃያ ዓመት ግድም ቆሟል። መሥመሩን በወረቀት ብንሥለው እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ነው፤ «ፍላክችዌት» አላደረገም፣ «ቮላታይል»ም አልነበረም። በጓዳ በኩል ያለው ገበያ ግን ዶላሩን ከዚያ በላይ ይመነዝረው ነበር። የይፋው ተመን በአንድ ውሳኔ 5 ብር ሲሆን ያ ሁሉ ዘመን የነበረው ፀጥታ ከየትኛው ሳህን ላይ እንደነበረ ታየ። ስለ ደርግ ዘመን ምንዛሪ «ስቴብል ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ መሥመሩ ልክ ነው፤ ስለ ኢኮኖሚው ግን ተሳስቷል። «ፊክስድ ነበር» ቢል፣ ማለትም በመንግሥት ተወስኖ የተያዘ ነበር ቢል፣ ሁለቱንም ባዳነ።

ወዲህ እንምጣ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ የፈረንጆቹ 2024 ሲያልቅ ከ120 በላይ ነበር። በዚያ ሰሞን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያነበበ ሰው «ቮላታይል» የሚለውን ቃል ሳያገኝ አይቀርም። ቃሉ አይመጥንም። «ቮላታይል» የሚባለው ዋጋ ዛሬ ወጥቶ ነገ ወርዶ ከነገ ወዲያ እንደገና የሚወጣ ነው። ብር የሄደው ባመዛኙ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ለዚህ እንግሊዝኛው «ዲፕሪሲዬሽን» አለው፤ ፍጥነቱን ለመናገር «ሻርፕ» ይጨመርበታል። የ1992ቱ ደግሞ «ዲቫሉዌሽን» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ማን አደረገው? አማርኛችን ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ይዞታል። «ብር ተዳከመ» ስንል ባለቤት የለውም፤ «ብርን አዳከሙት» ስንል አለው። ተርጓሚው ግሱን ልብ ብሎ ቢያይ ኖሮ የኢኮኖሚ መዝገበ ቃላት ባላስፈለገው ነበር።

ከገንዘብ ሳንወጣ አንድ የተገላቢጦሽ ወጥመድ አለ። ማዕከላዊ ባንኮች «ፕራይስ ስታቢሊቲ» የሚሉት ሐሳብ ወደ አማርኛ «የዋጋ መረጋጋት» ሆኖ ይገባል። ቴሌቪዥን የሚያዳምጡት እናት «ዋጋ ተረጋጋ» ሲባል ሽንኩርቱ መጨመሩን አቆመ፣ እንዲያውም ይቀንስ ይሆናል ብለው ያስባሉ። ባንኩ የሚለው ሌላ ነው፤ ዋጋ መጨመሩን ይቀጥላል፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ዝቅ ብሎና ሳይዘል ይሄዳል ነው የሚለው። በግንቦት 2014 የአገሪቱ አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት 37.2 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በየካቲት 2017 ወደ 15 በመቶ ግድም ወረደ። የወረደው ፍጥነቱ እንጂ ዋጋው አልነበረም። ከዚህ የተነሣ ባንኩ ስለ መረጋጋት ሲያወራ ሕዝቡ ውሸት የሰማ ይመስለዋል። ይህን ሲተረጉሙ «ዋጋ ተረጋጋ» ከማለት «የዋጋ ጭማሪው ረገበ» ማለት ይሻላል። ቃሉ ያምርም አያምርም፣ እናቲቱ ገበያ ሄደው አይጣሉም።

የጤፍ ዋጋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አዝመራ ሲገባ ይለዝባል፣ ክረምቱ ሲገፋ ይከብዳል። ጊዜውን ጠብቆ የሚመላለስ ነገር «ሲዝናል» ነው። ስለ እሱ «ኢራቲክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የገበሬውን የቀን መቁጠሪያ ሰርዞበታል።

መብራትን ባጭሩ እንለፈው፤ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋልና። የአዲስ አበባ ቤት ፍሪጅ አጠገብ ያለችውን ሣጥን «ስታቢላይዘር» እንላታለን። ሥራዋ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል ማስተካከል ነው፤ ያ «ፍላክችዌሽን» ነው። መብራት ጭራሹን ሲሄድ ግን ስታቢላይዘሯ ምንም አትረዳም፤ ያኛው «ኢንተረፕሽን» ወይም «አውቴጅ» ነው። ለአገልግሎት ሰጪ ድርጅት በእንግሊዝኛ አቤቱታ የሚጽፍ ባለ ፋብሪካ ሁለቱን «አንስቴብል ፓወር» ብሎ ካዳበላቸው፣ የሚላክለት ባለሙያም ያልተበላሸውን ሲፈትሽ ይውላል። በአማርኛ «መዋዠቅ» እና «መቆራረጥ» ብለን ለይተን የምናማርረውን በእንግሊዝኛ የምናዳብልበት ምክንያት አይገባኝም።

ዝናብ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ከዚህ ሰፈር ከሚወጡ ሰነዶች ብዙዎቹ ስለ እሱ ናቸው። የአፍሪካ የአየር ንብረት ፖሊሲ ማዕከል መቀመጫው ኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ውስጥ ነው፤ የሰብዓዊ ርዳታ ሪፖርቶችም ከዚሁ ከተማ ይጻፋሉ። በእነዚህ ውስጥ «ኢራቲክ ሬይንፎል» የሚለው ሐረግ እንደ ድንች በየወጡ ይገባል። ገበሬው ግን እንደዚህ አይናገርም። «ክረምቱ ዘግይቶ ገባ» ይላል፤ «ቶሎ ወጣ» ይላል፤ «መሐል ላይ ተቋረጠ» ይላል፤ «እዚያ ማዶ ዘንቦ እኛን ዘለለን» ይላል። አራቱም ለየራሳቸው የእንግሊዝኛ አገላለጽ አላቸው፣ የሚያስከትሉት ጉዳትም ይለያያል። ዘግይቶ የገባ ክረምት የሚዘራውን ሰብል ያስለውጣል፤ ቶሎ የወጣው ፍሬ ሊይዝ የደረሰውን ያመክናል። መስከረም ላይ የሚላክ የርዳታ ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ካልነገረ፣ ዘር ይላክ ወይስ እህል የሚለውን የሚወስን ሰው በግምት ይወስናል።

ከ«ኢራቲክ» በላይ ያለው ጥንድ ደግሞ «ቫሪያቢሊቲ» እና «ቼንጅ» ነው። ዝናቡ ካምና ዘንድሮ መለያየቱ «ቫሪያቢሊቲ» ነው፤ ከረጅም ዓመታት አማካይ ግራና ቀኝ ይላል፣ ይመለሳል። «ቼንጅ» የሚባለው አማካዩ ራሱ ቦታውን ሲለቅ ነው። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት አማካይ የሚሠራው በ30 ዓመት ነው፤ በሥራ ላይ ያለው የእ.ኤ.አ. 1991–2020 ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጹ ከዚህ ይርቃል፤ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ከሰው ሥራ የመጣውን ብቻ «ክላይሜት ቼንጅ» ብሎ፣ ተፈጥሯዊውን «ቫሪያቢሊቲ» ከእሱ ይለየዋል። ስለዚህ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ቃሉ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 በኤልኒኖ ድርቅ ምክንያት በኢትዮጵያ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ ሲያስፈልገው፣ ኤልኒኖው በራሱ የታወቀ ተመላላሽ ክስተት እንጂ የአማካይ ለውጥ አልነበረም። ያን ድርቅ እንዳለ «ቼንጅ» የሚለው ጸሐፊ ሳይንቲስቱን ያስቆጣል፤ «ቫሪያቢሊቲ» ብቻ የሚለው ደግሞ ካሣ የሚጠይቀውን ተደራዳሪ ትጥቁን ያስፈታዋል። ጠንቃቃው ሁለቱን ያያይዛል፤ ተመላላሹ ነገር በተለወጠ አየር ላይ ሲመጣ የባሰ ይሆናል ብሎ ማስረጃው በፈቀደለት መጠን ይጽፋል። በአማርኛ «ለውጥ» እና «መለዋወጥ» ከአንድ ሥር ስለሆኑ ዜና አንባቢ ሲቸኩል ይቀላቅላቸዋል፤ ይህ ግን ከስንፍና ያለፈ ምክንያት የለውም። ለዕለቱ ሰማይ፣ «የአየር ጠባይ» ለምንለው፣ እንግሊዞች «ቼንጀብል» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ ግድግዳቸው ላይ በሚሰቅሉት አሮጌ ባሮሜትር መሐል ላይ «ቼንጅ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ዝናብም ሊሆን ይችላል ፀሐይም ማለቱ ነው።

ወደ ፀጥታ ሪፖርቶች ስንሻገር «ቮላታይል» እውነተኛ ቤቱ ይገባል። ቃሉ ከላቲን «መብረር» የመጣ ነው፤ ኬሚስቶች ክዳኑ ሲከፈት ቶሎ ለሚበን ፈሳሽ ያውሉታል፣ እኛም «ተናኝ» እንለዋለን፤ የኮምፒውተር ሰዎች መብራት ሲጠፋ የያዘውን ለሚረሳ ሚሞሪ ይሉታል። በፀጥታ ሪፖርት ውስጥ ደግሞ የአንድ አካባቢ ሁኔታ «ቮላታይል» ነው ሲባል ዛሬ ተኩስ አለ ማለት ላይሆን ይችላል፤ በትንሽ ምክንያት ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ከእሱ ጋር የሚምታታው «ፍሉዊድ» ነው፤ ማን የትኛውን መንገድ እንደያዘ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፣ የጠዋቱ ካርታ ለማታ አይሆንም ማለት ነው። ለአሽከርካሪ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሰፈር ተጠንቅቆ ያልፋል፤ በሁለተኛው ሳይደውል አይነሣም። በአማርኛ ዜና ለሁለቱም «አንጻራዊ ሰላም» የምትባለዋ ሐረግ ቀርባ ትገኛለች፤ ከምን አንጻር እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

በዚህ መደብ ውስጥ «ፍራጃይል»ንም ማንሣት አለብኝ። አገሮችን በደረጃ የሚያሰልፈው የፈንድ ፎር ፒስ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ «ፌይልድ»፣ የወደቁ አገሮች፣ በሚል ስም ሲወጣ ቆይቶ በ2014 ስሙን ወደ «ፍራጃይል» ለወጠ። የወደቀ ነገር ወድቋል፤ ተሰባሪው ግን ገና አልተሰበረም፣ ሊጠብቁትም ይቻላል። አንድ ቃል በመቀየሩ ብዙ አገሮች ከፍርድ ወደ ማስጠንቀቂያ ተዛወሩ። ይህን የሚያህል ሰነድ ስሙን የሚለውጥ ከሆነ፣ የእኛ ወረዳ ሪፖርት ጸሐፊ በቃል ምርጫ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ሐኪም ቤት የሚሰማው «ስቴብል» ሌላ ሐዘን አለው። ሐኪሙ «ስቴብል ነው» ሲል ሕመሙ አልባሰም፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ባለበት ቆሟል ማለቱ ነው፤ ሰውየው በሞት አፋፍ ላይ ሊሆን ይችላል። «ተረጋግቷል» ተብሎ ሲተረጎምላቸው ቤተ ዘመዱ ድኗል ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ። «ባለበት ነው» የሚለው ተራ አማርኛ እዚህ ቦታ ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰው ጠባይ፤ በትርጉም ቤቶች ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። በካዛንቺስ ዙሪያ አንድ የማውቀው ተርጓሚ ጋ ተቀምጬ ሳለ፣ ለውጭ አገር ሥራ የምታመለክት ወጣት የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዛ ገባች። ደብዳቤው «በሥራ አፈጻጸሟ መዋዠቅ ያልታየባት» ይላል። ተርጓሚው ለአፍታ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አንሳፍፎ ቆየ።

«ጋሼ፣ ከባድ ነው እንዴ?» አለችው።

«የለም እህቴ፤ ያመሰገኑሽ በአሉታ ነው። እንዳለ ካስገባሁት ፈረንጁ ‹ምን ዓይነት መዋዠቅ?› ብሎ ይጠራጠራል።»

«ኮንሲስተንት» ብሎ ጻፈው። አንዲት ቃል፣ አዎንታ። ልክ ነበር። እኛ ሰውን ስናመሰግን ጉድለቱን መካድ እንወዳለን፦ አይወላውልም፣ አያወላዳም፣ ነገር አያበዛም። የእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ ጉድለቱ ስሙ እንኳ እንዲነሣ አይፈልግም።

ነቀፋው ሲመጣ መለየት ያለባቸው ብዙ ናቸው። ውሳኔ የማይሆንለት ወላዋይ «ኢንዲሳይሲቭ» ነው፤ ነውሩ ከድካም አያልፍም። ዛሬ አንተን ነገ ሌላውን የሚወድ፣ ታማኝነቱ የማይጸና «ፊክል» ነው፤ የእግር ኳስ ደጋፊና የመራጭ ሕዝብ አዘውትረው ይህ ስም ይሰጣቸዋል። ስሜቱ በቅጽበት ከሣቅ ወደ ቁጣ የሚያልፍ፣ ነገር ግን ተሰጥኦ ያለው «መርኩሪያል» ነው፤ አርቲስትን በዚህ ቃል መጥራት ግማሽ ምስጋና ነው። ቶሎ የሚቆጣ ግልፍተኛ «ቮላታይል» ይባላል፤ ቤንዚኑ እዚህም አለ። «ካፕሪሺየስ» ግን ሥልጣን ላለው ሰው የተቀመጠ ነው፦ ደስ ሲለው የሚፈቅድ፣ ሲከፋው የሚከለክል አለቃ። ሥልጣን የሌለውን ሰው «ካፕሪሺየስ» ማለት ሠራተኛውን በአለቃው ኃጢአት መክሰስ ነው። አማርኛችን ለ«ፊክል» «እስስት» የምትል ስድብ አለችው፤ ግን እስስት ያስመስላል፣ ሆን ብሎ ይደበቃል፤ «ፊክል» የሆነ ሰው ሲቀየር ከልቡ ነው። እስስቱን ለመግለጽ «ቱ ፌስድ» ይቀርባል።

ከሁሉም አደገኛው አሁንም «አንስቴብል» ነው። በፍቺ ክርክር ሰነድ ውስጥ «ጠባዩ ያልተረጋጋ» የምትል ሐረግ ትገኛለች፤ ጸሐፊው ለማለት የፈለገው አመሉ ይቀያየራል፣ በሥራ አይጸናም፣ ቤቱን አይከታተልም ነው። ሰነዱ ለውጭ ፍርድ ቤት ሲተረጎም «አንስቴብል» ከሆነ፣ ልጅ የማሳደግ መብት የሚወስነው ዳኛ የሕክምና ምርመራ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። «አንሪላያብል» ቢባል፣ ማለትም የማይታመንበት፣ ክሱ ያው ክስ ሆኖ ይቆያል።

ሰፈሩ ራሱስ? ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ተቋም ነው፤ የኢንቺስ ቤቶች፣ ካዛ ኢንቺስ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ሰፊ ክፍሏ ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎቿ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች «ኤቨር ቼንጂንግ» የሚለውን የቱሪስት ብሮሹር ቃል ቢያነሡ አይገርምም፤ ለጆሮ ይጥማል። ሁልጊዜ ተለዋዋጭ የሚባል ነገር ግን ከራሱ ተነሥቶ የሚለወጥ ነው፤ ካዛንቺስ በውሳኔ ተለወጠች። ይህን ለማለት መደገፍም መቃወምም አያስፈልግም፤ የግሱን ባለቤት ማስቀመጥ ብቻ ነው። «ቤታችን ፈረሰ» ከሚሉት ጋርም፣ «አካባቢው ለማ» ከሚሉት ጋርም ተነጋግሬአለሁ፤ «ሰፈራችን ተለዋዋጭ ነው» ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ለእነዚህ ሁሉ መሣሪያ አለን ወይ ቢባል፣ ያለው አሮጌ ነው፣ ግን ጥሩ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይተረጉማል፤ አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ስሙ ሁኔታ በአማርኛ ግስ ሲቀያየር ይታያል። በዚያው ዓመት የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላት ወጣ፤ ለተማሪ የሚመቸው እሱ ነው። የቶማስ ኬን ሁለት ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአማርኛ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛ ይሄዳል፤ «ዋዠቀ» የሚለውን ግስ ይዞ ለሚነሣ ጸሐፊ ይህኛው መንገድ ይቀርበዋል። የሌስላውም የአምሳሉም የታተሙት ከአየር ንብረት ስምምነቱ በፊት፣ ምንዛሪ ለገበያ ሳይለቀቅ፣ የአሁኑ የአክሲዮን ገበያም ሳይከፈት ነው። ስለዚህ የቃሉን ሥር እንጂ የዛሬውን ሙያ አይነግሩንም። የእኔ ምርጫ የሌስላው ነው፤ ዐረፍተ ነገር አንብቤ መልሼ ራሴ መሥራት እችላለሁና። የኮምፒውተሩን ዝርዝር የምከፍተው ሁለት ቃል አስቀድሜ ለይቼ ከሁለቱ አንዱን ስረሳ ብቻ ነው።

የሙያው ነገር ቶሎ መፍትሔ የሚሻው በአክሲዮን ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ተከፍቷል፤ ከእሱ ጋር «ቮላቲሊቲ» እንደ ሒሳብ ቃል መጥታለች። በዚህ ሙያ ትርጉሟ ጠባብ ነው፦ ትርፍና ኪሳራው ከአማካዩ ምን ያህል ይርቃል፣ ያውም ወደ ላይ መራቁም ወደ ታች መራቁም እኩል ይቆጠራል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይህን በቁጥር እየለኩ ያወጣሉ፣ በተራ ስሙ «የፍርሃት መለኪያ» ይሉታል። በአማርኛ «የዋጋ መዋዠቅ» በደንብ ይገልጸዋል፤ ከፍ ማለቱንም ዝቅ ማለቱንም ይዟልና። «ያልተረጋጋ አክሲዮን» የሚለው ትርጉም ግን ገዢውን ኩባንያው ሊከስር ነው ብሎ ያስደነግጠዋል። በእንግሊዝኛም ጉዳዩ ያው ነው። የአንድ ባንክ አክሲዮን «ቮላታይል» ነው ያለ ጸሐፊ ስለ ዋጋው ብቻ ተናገረ። ባንኩ «አንስቴብል» ነው ያለው ግን በማግስቱ ጠዋት ገንዘብ አስቀማጩን ሁሉ መስኮቱ ላይ ያሰልፈዋል፤ ጠበቃም መፈለግ ይኖርበታል።